በረዶው ከሰማይ ነው፤ ናዳውን የሚያወርደው ግን ሠራተኛ ነው

በበረዶ አገር የምንማር ተማሪዎች የብርዱ ወራት በገባ ቁጥር አንድ ወሬ እንሰማለን። ማዕበል መጣ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አደረ፤ ነገ እንደ ዱቄት በላመ አዲስ በረዶ ላይ በስኪ እንንሸራተታለን ይባላል። ደስታውን አንቃወምም። የምንቃወመው ከደስታው በኋላ የሚከተለውን ንግግር ነው። ይኸውም ቁልቁለቱ በሰዓቱ ሳይከፈት ሲቀር «እነዚህ የተራራ ጠባቂዎች ምን ይሠራሉ?» የሚለው፥ ጠባቂዎቹም ደመወዝ አነሰን ብለው ሥራ ሲያቆሙ «በዓላችንን አበላሹብን» የሚለው ነው።

ምን እንደሚሠሩ እንናገር። በማዕበል ጊዜ ነፋሱ በረዶውን ከአንዱ ተረተር ጠርጎ በሌላው ወገን ይከምረዋል። ከክምሩ ሥር ደካማ ንብርብር ካለ፥ በተለይም ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ቁልቁለት ላይ፥ የአንድ ሰው ክብደት ብቻ ናዳውን ሊያስነሣው ይችላል። በናዳ የተቀበረ ሰው በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ በሕይወት የመገኘቱ ተስፋ በፍጥነት ይመነምናል። ስለዚህ ጠባቂዎቹ ጎህ ሳይቀድ ይነሣሉ፤ ፈንጂ ተሸክመው ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ ሰው ከመድረሱ በፊት ናዳውን ራሳቸው ያወርዱታል። እኛ ቁርሳችንን ስንበላ እነርሱ የቀኑን ዋና አደጋ ተጋፍጠው ጨርሰዋል።

ሥራው ቀልድ አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 2025 በካሊፎርኒያ በማሞዝ ተራራ ሁለት ጠባቂዎች በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ ናዳ ደረሰባቸው፤ አንደኛዋ ሞተች። ከዚያ በፊት በጃንዋሪ 10 ቀን 2024 በዚያው ግዛት በፓሊሴድስ ታሆ በማዕበል መካከል ናዳ ወርዶ አንድ ሰው ገድሏል። እንዲህ ያለው ተራራ በችኮላ ይከፈት ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ደመወዙ እንምጣ። በዩታ ግዛት በፓርክ ሲቲ ወደ 200 የሚሆኑ ጠባቂዎች በማኅበራቸው አማካይነት ከቬይል ሪዞርትስ ኩባንያ ጋር ለወራት ከተደራደሩ በኋላ በዲሴምበር 27 ቀን 2024 ሥራ አቆሙ። የጠየቁት የመነሻ ደመወዝ በሰዓት ከ21 ዶላር ወደ 23 ዶላር ከፍ እንዲል ነበር። በበዓሉ ሰሞን የተራራው አብዛኛው ክፍል ተዘግቶ ሰነበተ። በጃንዋሪ 8 ቀን 2025 ጠባቂዎቹ የጠየቁትን 2 ዶላር አግኝተው ስምምነቱን አጸደቁ።

«ለ2 ዶላር ይህ ሁሉ ሁከት ምንድን ነው?» ያሉ ነበሩ። እኛም እንመልሳለን፤ 2 ዶላር ትንሽ ከሆነች ባለጸጋው ኩባንያ ስለ ምን ብሎ ያን ያህል ተሟገተባት? በበዓል ሰሞን ያንድ ቀን መግቢያ ወደ 300 ዶላር ይሸጥ ነበር። ይህ ለጀማሪው ጠባቂ የ14 ሰዓት ደመወዝ ያህል ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

ሌሎች ደግሞ «ተራራውን ስለሚወዱ ነው የሚሠሩት፤ ፍቅራቸው ይበቃቸዋል» ይላሉ። መምህሮቻችን ሆይ፥ ይህን ቃል እናንተም ታውቁታላችሁ። የመምህር ደመወዝ በተነሣ ቁጥር ሙያው ክቡር መሆኑ ይሰበካል። ክብር ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ ፍቅርም አይከፍልም። ሥራውን የሚወድ ሠራተኛ ደመወዝ ሊጨመርለት እንጂ በፍቅሩ ሊቀጣ አይገባውም።

ስለዚህ ጓደኞቻችንን የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የተዘጋበትን ገመድ አትሻገሩ፤ አሻግሮ የሚሄድ ሰው ሊያወጡት የሚመጡትንም ለሞት ያጋልጣል። ቁልቁለቱ ሲዘገይ ታገሡ። ጠባቂዎቹ ሥራ ሲያቆሙ ደግሞ ለቀረባችሁ አንድ ቀን ጨዋታ ስትሉ በእነርሱ ላይ አትፍረዱ፤ ጥያቄአችሁን የመግቢያውን ዋጋ ለተቀበለው ኩባንያ አቅርቡ።