ፋይበር ፍለጋ ፋርማሲ ከመሄዳችን በፊት

በውጭ አገር የምንኖር ሐበሾች ስንገናኝ ወሬያችን ጤና ጤና ማለት ጀምሯል። እገሌ ስኳር ተገኘበት፣ እገሊት ኮሌስትሮሏ ከፍ አለ፣ ሌላው በሆድ ድርቀት ተቸገረ። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ እያለን ማለት ነው። ስለ ስኳርና ስለ ጨው ብዙ ይባላል፤ ስለ ፋይበር፣ በአማርኛ አሰር ስለሚባለው ነገር ግን እምብዛም አንነጋገርም። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ቢሆንም ቁጥር ማንበብ የሥራዬ አካል ነው፤ የፋይበር ቁጥሮች ደግሞ ችላ የሚባሉ አይደሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ከምግብ እንዲያገኝ ይመክራል። በአሜሪካ የአንድ ሰው አማካይ ግን 15 ግራም ገደማ ነው። በ2019 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ ብዙ ፋይበር የሚመገቡ ሰዎች ጥቂት ከሚመገቡት ይልቅ በልብ ሕመም፣ በስትሮክ፣ በሁለተኛው ዓይነት ስኳርና በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከ15 እስከ 30 በመቶ ዝቅ ያለ ነው።

ነገሩ ምትሃት የለውም። ፋይበር ሆዳችን ፈጭቶ የማይጨርሰው የእህልና የአትክልት ክፍል ነው። በአጃና በገብስ ውስጥ ያለው ዓይነት ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ይወፍርና ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ኮሌስትሮልንም ያወርዳል። ሌላው ዓይነት ውኃ ይዞ አንጀትን ያንቀሳቅሳል። የቀረውን ደግሞ በአንጀታችን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይመገቡታል፤ ከዚያ የሚያመነጩት ንጥረ ነገር የትልቁን አንጀት ግድግዳ ይቀልባል።

እንግዲህ ይህን ፍለጋ ብዙዎቻችን በጣሳ የታሸገ ዱቄትና ክኒን እንገዛለን። ሐኪም ካዘዘው ጥሩ። ግን በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? ለአዚፋ የምንቀቅለው ድፍን ምስር 200 ግራሙ ብቻ 15 ግራም ያህል ፋይበር አለው። የተቀቀለ ሽምብራም ከዚያ አይርቅም። አንድ ቁራጭ ነጭ ዳቦ ግን አንድ ግራም እንኳ አይሞላም።

ችግራችን የምግቡ መጥፋት አይደለም፤ ቀኑ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ዳቦ፣ ምሳ ሳንድዊች፣ ማታ ፓስታ ወይም ነጭ ሩዝ። ምስሩ፣ ጎመኑና ሽሮው ቅዳሜና እሁድን ይጠብቃሉ። ጾም የሚጾመውም ቢሆን ዳቦና የተጠበሰ ድንች ከበላ ጾመ እንጂ ፋይበር አላገኘም።

እንጀራውም ቢሆን ያው እንጀራ ላይሆን ይችላል። በየከተማው ከምንገዛው ውስጥ ከጤፍ ጋር ሩዝ ወይም የፉርኖ ዱቄት የተቀላቀለበት አለ። ዋጋን ለመቀነስ መቀላቀል ነውር አይደለም፤ ግን ገዢው ሊያውቀው ይገባል። ስለዚህ እንጀራ የምትጋግሩና የምትሸጡ ወገኖቻችን፣ ምን ያህሉ ጤፍ እንደሆነ ማሸጊያው ላይ ጻፉልን።

እኛም ማንበብ እንልመድ። አሜሪካ ያላችሁ፣ የምግብ መለያው ፋይበርን በቀን 28 ግራም አስልቶ በመቶኛ ይነግራችኋል፤ 5 በመቶና ከዚያ በታች ጥቂት፣ 20ና ከዚያ በላይ ብዙ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ፋይበርን መጻፍ ግዴታ ስላልሆነ፣ የግብዓቱን ዝርዝር እዩ፤ መጀመሪያ የተጻፈው በብዛት ያለው ነው።

«ጊዜ የለንም» የሚለውን አውቀዋለሁ፤ እኔም በዚያው ሩጫ ውስጥ ነኝ። ግን ድፍን ምስር ከግማሽ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ይበስላል፤ እሁድ በርከት አድርጎ ቀቅሎ በየሣህኑ ፍሪዘር ማስገባት ይቻላል። የገብስ ቆሎም በቢሮ መሳቢያ ውስጥ ከብስኩት የበለጠ ቦታ አይፈጅም። ብቻ በአንድ ጊዜ አታብዙት፤ ሆድ ይነፋል። ቀስ በቀስ ጨምሩ፣ ውኃም ጠጡ። የአንጀት ሕመም ያለበት ደግሞ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

በሳምንት ሁለት የሥራ ቀን እራታችን ምስር ወይም ሽምብራ ቢሆን ትልቅ ጅምር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው እናቶቻችን ያስተማሩን ምግብ ነው፤ ከእሁድ ወደ ማክሰኞ ማምጣት ብቻ ነው የቀረን።