መሬቱ ከመለካቱ በፊት ክርክሩ ይቅደም

ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሰፈሩ ዕጣ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ በወረዳ አዳራሽ ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ሰፈሩ ይነሣ ወይስ አይነሣ የሚል ጥያቄ አይቀርብም። እሱ አልቋል። የቀረው ምትክ ቤቱ የትኛው ሳይት እንደሆነ፣ ካሳው እንዴት እንደሚሰላና ዕቃ ለማውጣት ስንት ቀን እንደተሰጠ ብቻ ነው። ውሳኔውን ማን፣ መቼ፣ በምን ክርክር እንደወሰነው የሚያውቅ ሰው በአዳራሹ ውስጥ ማግኘት ይቸግራል።

የከተማዋ ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው። ከንቲባ ይሰይማል፣ በጀት ያጸድቃል፣ የከተማዋን ፕላን ያጸድቃል። የዚህ ዝግጅት ክፍል አቋም አንድ ነው፦ ነዋሪን በብዛት ከቤቱ የሚያስነሣ የመሬት ውሳኔ ሁሉ አስቀድሞ በዚህ ምክር ቤት፣ ሕዝብ በሚከታተለው ጉባኤ፣ የእያንዳንዱ ተመራጭ ድምፅ በስሙ ተመዝግቦ ሊወሰን ይገባል። ይህ ሳይሆን የፈረሰ ሰፈር፣ በምትኩ የተሠራው ምንም ያህል ቢያምር፣ የአሠራር ጉድለት አለበት።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳን ዶሮ ማነቂያ አንሥቶ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ደረሰ። ሁለተኛው ምዕራፍ ብቻ 8 ኮሪደሮችና 132 ኪሎ ሜትር ይዞ ነው የታቀደው። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ማታ መብራት አለ፤ ሕፃናት የሚሮጡበት ሜዳ ተገኝቷል። ይህን እናያለን፣ ደስም ይለናል። ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራ የሄደውን ቤተሰብም ግን እናያለን። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ልጅ ትምህርት ቤት መቀየር ነበረበት። ጉሊት ቸርቻሪዋ ደንበኞቿን ጥላ ሄዳለች። በይዞታ ካርታ ያለው፣ በቀበሌ ቤት የኖረው፣ በደባልነት የተጠጋውና ከግለሰብ የተከራየው አንድ ግቢ ውስጥ ቢኖሩም መብታቸው ለየቅል ነው፤ ከሁሉም በታች ያለው ተከራይ ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ይወጣል። ይህ ልዩነት ፍትሐዊ ነው ወይ? ምክር ቤት የተቋቋመው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ፊት ለፊት እንዲከራከርበት ነው።

ሕጉ ለነዋሪው ባዳ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች በማኅበረሰባቸው ላይ ለውጥ በሚያመጡ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም እንዲመከሩ አዝዞ፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ ቀዳዳ ትቷል። ቀዳዳው በር እንዳይሆን መጠበቅ የሚችለው አስፈጻሚውን የሚቆጣጠር አካል ብቻ ነው።

የሊዝ አዋጁን እንይ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት የከተማ መሬት የሚተላለፈው በጨረታ ወይም በምደባ ነው። ጨረታው በአደባባይ ይወጣል፣ ዋጋውም ይሰማል። ምደባው ግን በካቢኔ ይወሰናል። ልዩ አገራዊ ፋይዳ አላቸው የተባሉ ፕሮጀክቶችም ከንቲባው ሲያቀርባቸው በዚሁ መንገድ ያልፋሉ። እንግዲህ የከተማዋ ትልቁ ሀብት ሲታደል ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት በቦታው የለም ማለት ነው። ካቢኔው በምደባ የሰጠውን እያንዳንዱን ቦታ፣ ስፋቱን፣ ለማንና ለምን ዓላማ እንደተሰጠ በየሦስት ወሩ ለምክር ቤቱ ማቅረብና ዝርዝሩን ለሕዝብ ማውጣት አለበት። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።

ክርክር ጊዜ ይበላል፣ ልማት ያዘገያል የሚሉ አሉ። የሰንዳፋን ታሪክ ያስታውሱ። የሞላውን የቆሼ ቆሻሻ መጣያ ለመተካት በሰንዳፋ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተሠራው ዘመናዊ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች በመጥፎ ሽታውና በብክለቱ ተማርረው ተቃወሙ፤ ቦታው በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ መኪኖቹም ቆሻሻውን ይዘው ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከቆሻሻው ሥር ከነቤታቸው የተቀበሩት የዚህችው ከተማ ነዋሪዎች ነበሩ። መሬቱን የሚጋሩት ሰዎች ድምፅ አስቀድሞ ከልብ ቢሰማ ኖሮ ያ ዓመት እንዴት ይለወጥ እንደነበር ማንም አያረጋግጥም። በጥድፊያ የተተከለ ነገር ጊዜ እንደማያተርፍ ግን ሰንዳፋ አሳይቷል።

አገልግሎቱም ከመሬቱ አይለይም። ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ሰፈር አጠገብ አዲስ ፎቅ ሲፈቀድ፣ ያ ፎቅ ከየትኛው መስመር እንደሚጠጣ በዚያው ጉባኤ መጠየቅ አለበት። ገንዘቡ የለም ማለትም አይቻልም። የከተማዋ በጀት በ2016 ከነበረው 140 ቢሊዮን ብር ገደማ በ2017 ወደ 230፣ በ2018 ደግሞ ወደ 350 ቢሊዮን ብር ገደማ ወጥቷል። የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚከፍለው ነዋሪ ከዚህ ውስጥ ለሰፈሩ ቧንቧና ፍሳሽ መስመር ስንት እንደተያዘ በወረዳ ተለይቶ ሊነገረው ይገባል።

ምክር ቤቱ የመከራከር ልምድ ያጣው ዛሬ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138 መቀመጫ 137ቱን ቢያሸንፍም ከተማዋ ለሁለት ዓመት ያህል በባለአደራ አስተዳደር ቆየች። በ2005 የተመረጠው ምክር ቤት የሥራ ዘመኑ በ2010 ቢያልቅም ምርጫ የተደረገው በ2013 ነው፤ ያኔም መቀመጫው ሁሉ የአንድ ፓርቲ ሆነ። ተቃዋሚ በሌለበት ምክር ቤት የመጠየቅ ግዴታው ለእያንዳንዱ አባል ይከብዳል እንጂ አይቀልም። የፓርቲ ዲሲፕሊን የመራጭን ቤት አይተካም። ነዋሪውም ድርሻ አለው፦ የወከለውን ሰው ስም ማወቅ፣ በጉባኤው ምን እንዳለ መከታተል፣ ዝም ካለም በእድርና በሰፈር ስብሰባ ለምን ብሎ መጠየቅ።

የመጀመሪያው ፈተና ቅርብ ነው። የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን የተዘጋጀው ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. ላለው ዘመን ነው። የሚተካው ፕላን ረቂቅ ከነካርታው በ11ዱም ክፍለ ከተሞች ይለጠፍ፤ ነዋሪ ሰፈሩን ፈልጎ የሚያይበትና ሐሳቡን በጽሑፍ የሚያስገባበት ቢያንስ ስድስት ወር ይሰጥ፤ ቋሚ ኮሚቴዎች የቀረበውን ሐሳብ ከነምላሻቸው ያሳትሙ፤ ድምፅ የሚሰጥበት ጉባኤም ሳይቆራረጥ በቀጥታ ይተላለፍ። እስከዚያ ድረስ በብዛት ነዋሪ የሚያስነሣ አዲስ ቦታ በካቢኔ ውሳኔ ብቻ መከፈት የለበትም።