«ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይፈራም» አሉ!

ይቺን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ፡፡ ነቀምት ጨለለቂ ትባላለች፣ ጊምቢ ትባላለች፣ አዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ ላይም ትባላለች፡፡ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ የዘረጋ ወንድ ከታየ ደግሞ «ምነው፣ ቅቤ ነህ እንዴ ትቀልጣለህ?» ይከተላል፡፡ ክሬም ተቀብቶ ከተገኘማ አለቀለት!

እኔ የምለው ግን፣ ይቺ አባባል ግማሽ እውነት ናት፡፡ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ትከፋለች፤ የሚጠራጠራት የለማ!

እውነቱን እናስቀድም፡፡ ቆዳችንን ያጠቆረው ሜላኒን የተፈጥሮ ጃንጥላችን ነው፡፡ ፀሐይ የምታመጣው የቆዳ ካንሰር በኛ ላይ ከፈረንጆቹ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፡፡ ስለዚህ «ሁላችሁም በየቀኑ ሰንስክሪን ተቀቡ» የሚለውን የፈረንጅ መጽሔት ምክር እኔም አላራግብም፡፡

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ፡፡ ነቀምት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፡፡ በየ1,000 ሜትሩ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፡፡ ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ደግሞ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 አካባቢ፣ በቀጥታ አናታችን ላይ ትቆማለች፡፡ ነሐሴ! ክረምት ነው ብለን ፀሐይን በረሳንበት ወር! ሳሳ ያለ ደመና አብዛኛውን ጨረር እንደሚያሳልፍ ማን ይንገረን? ብርዱን እንጂ ጨረሩን ቆዳ አይሰማውም፡፡

ጨረሩ ሦስት ዓይነት ነው፡፡ ዩቪሲ የተባለውን ኦዞን ከላይ ያስቀረዋል፣ ተገላግለናል፡፡ ዩቪቢ የላይኛውን ቆዳ የሚያቃጥልና የሕዋሶቻችንን ዲኤንኤ የሚጎዳ ነው፤ ቫይታሚን ዲ የሚሰጠንም እሱው ነው፡፡ ዩቪኤ ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቆ ቆዳን ያስረጃል፣ ካንሰሩንም ያግዛል፡፡ መሬት ከሚደርሰው ጨረር 95 በመቶ ያህሉ ይኸው ዩቪኤ ነው፡፡ ልዩነቱ የሚገባችሁ መስኮት ጋ ስትደርሱ ነው፡፡ መስታወት ዩቪቢን ያስቀራል፣ ዩቪኤን ያሳልፋል፡፡ በመስኮት በኩል ጨቅላ ፀሐይ የምታሞቅ እናት እንግዲህ ለሪኬትስ የሚበጀውን ውጪ አስቀርታ ሌላውን አስገባች ማለት ነው፡፡ ጨቅላን ማሞቅ በጠዋቱ ለስላሳ ፀሐይ፣ ከደጅ ነው፡፡

ዓይንስ? ዓይናችን የቆዳችንን ያህል ሜላኒን አልለበሰም፡፡ በአገራችን ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት ምክንያት የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሲሆን፣ ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ አልትራቫዮሌት ነው፡፡ ማድያትም ፀሐይ ካልተከለለ በመድኃኒት ብቻ አይለቅም፡፡ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚውለው ሊስትሮ፣ ለትራፊክ ፖሊሱና ለቀን ሠራተኛው ታዲያ ኮፍያ ጌጥ ነው ትላላችሁ?

የተናደድኩበት ጉዳይ ግን ከዚህ ይብሳል፡፡ በመካከላችን ያ የተፈጥሮ ጃንጥላ ያልተሰጣቸው አሉ፤ አልቢኒዝም ያለባቸው ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፡፡ እነሱን ፀሐይ ሳትምር ትጠብሳቸዋለች፡፡ የቆዳ ካንሰር ፊታቸው፣ ጆሯቸውና አንገታቸው ላይ የሚወጣው ገና በወጣትነታቸው ነው፡፡ እኛ ደግሞ ልጁን «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያልን እንከተለዋለን፡፡ ትምህርት ቤት ሲገባ «ክፍል ውስጥ ኮፍያ ክልክል ነው» ይባላል፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ሜዳ ይሰለፋል፤ ዓይኑ አርቆ ስለማያይ ሰሌዳው ሲጠፋበት «ሰነፍ» የሚል ስም ይወጣለታል፡፡ «ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይፈራም» የምትለዋ አባባል እሱን አታውቀውም፡፡

የሚያድነው ነገር ሰንስክሪን ይባላል፡፡ የሚሸጠውስ የት ነው? ኮስሞቲክስ ቤት፣ ከከንፈር ቀለም ጎን! ከውጭ የሚመጣ ነውና በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለደሃ ቤተሰብ የማይቀመስ ሆኗል፡፡ ለኛ ምርጫ የሆነው ለነሱ መድኃኒት ነው፡፡ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ቦታው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው፤ ለነሱም በነፃ መሰጠት አለበት፡፡

በዚያው መደርደሪያ ላይ የሚያቀላ ክሬም ሞልቷል፡፡ አንዳንዱ ሜርኩሪ፣ አንዳንዱ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለበት ነው፡፡ ቆዳ ያሳሳል፣ ሜርኩሪው ኩላሊት ይጎዳል፡፡ ልብ በሉ፣ «ፀሐይ አይፈራም» ብለን የምንኮራበትን ሜላኒን በገንዘባችን እንፍቀዋለን፤ ሜላኒን ላጣው ልጅ ግን አንድ ቱቦ ሰንስክሪን እንነፍገዋለን! ይኼ ምን የሚሉት ሒሳብ ነው?

«አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት ስለ ክሬም ታወራለህ?» የሚል አይጠፋም፡፡ ወዳጄ፣ አብዛኛው መፍትሔ ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ ኮፍያ መፍቀድ ስንት ብር ነው? ልጁን ከመስኮቱ አርቆ ሰሌዳው አጠገብ ማስቀመጥስ? የስፖርቱን ሰዓት ወደ ጠዋት ማዛወርስ? ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ ሥር መዋል፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጠበቅ ብሎ የተሸመነ እጅጌ ረጅም ልብስ (ሳሳ ያለ ነጠላ ጨረር ያሳልፋል)፡፡ ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ጨረሩ በርትቷል ማለት ነው፤ መሣሪያ አያስፈልግም፡፡ ሰንስክሪን የሚገዛ ደግሞ ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ፣ ዩቪኤንም ዩቪቢንም የሚከላከለውን ይምረጥ፤ በየሁለት ሰዓቱም ይድገመው፡፡

የተባበሩት መንግሥታት ሰኔ 6ን የአልቢኒዝም ቀን ብሎ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ያስባል፡፡ የኛ ትምህርት ቤቶች ግን ሰኔን አይጠብቁ፤ የኮፍያውን ክልከላ በነገው ሰልፍ ላይ ያንሱት፡፡ እኛም ጃንጥላ የዘረጋውን ሰው ለቀቅ እናድርገው፡፡