ፍሬኑ እምቢ አላለም

ዜናውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። አንድ ተሽከርካሪ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ «ከቁጥጥር ውጪ ሆኖ» ገደል ገባ፤ የሰው ሕይወት አለፈ። ቀጥሎ የትራፊክ ፖሊስ አሽከርካሪዎች ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ያሳስባል። ቀጥሎ እኛ «ነፍስ ይማር» እንላለን። ቀጥሎ ስፖርት።

«ከቁጥጥር ውጪ ሆነ» — ማን? መኪናው። ዓረፍተ ነገሩን ልብ ብላችሁ አንብቡት፤ ሰው የለበትም። መኪናው ብቻውን ተነስቶ፣ ብቻውን አብዶ፣ ብቻውን ገደል የገባ ይመስላል። መናኸሪያ ውስጥ ያው ነገር በሌላ ቋንቋ ይወራል፤ «ፍሬን በጠሰ»፣ «ፍሬን እምቢ አለው»። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል። ለመኪና ግን ተረቱ አይሠራም። ያሳጠረው በእኛ ነው።

እኛ የምንለው ይህን ነው፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን «እምቢ» የሚለው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ስለተቃጠለ ነው። ያቃጠለውም ሰው ነው።

አባይ በረሃን ውሰዱ። ከጎሃ ፅዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ፍጥነቱን ሳይጨምር 1,000 ሜትር እንዲወርድ ከተፈለገ የሆነ ነገር ጉልበቱን መዋጥ አለበት። ያ ጉልበት ወደ ሙቀት ሲቀየር 290 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፤ አንድ በርሜል ተኩል መሆኑ ነው። ጥቂቱን ንፋስና ጎማ ይወስዱታል። የቀረውን የሚሸከሙት ሁለት ናቸው፤ ሞተሩና ፍሬኑ። በከባድ ማርሽ ከወረዳችሁ ሞተሩ ይይዘዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ማርሹን ፍሪ ካደረጋችሁ ግን ያ ሁሉ እሳት የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። ሸራው ይግላል፣ መያዝ ይተዋል፣ ይሸታል። ከዚያ ፔዳሉን ወለል ድረስ ብትረግጡትም መልስ የለም። እና ይሄ «እምቢ ማለት» ነው? ስንት ኪሎ ሜትር ሙሉ እየጮኸ ሲለምን ነበር እኮ!

ኩርባው ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። በ30 የምትዞሩትን ኩርባ በ60 ብትዞሩት መኪናውን ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር ኩርባው ከመድረሱ በፊት ያበርዳል። እንግዳው ግን ኩርባው ውስጥ ከገባ በኋላ ይደነግጥና ፍሬን ይረግጣል። ጎማ ግን ያለው የመጨበጥ አቅም አንድ ነው፤ ለማቆም ከሰጣችሁት ለመዞር አይተርፍም። የፊት ጎማ ከተቆለፈ መሪውን ብታዞሩትም መኪናው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ቀጥታ ደግሞ ገደሉ አለ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ለጥምቀት ጎንደር፣ ለገና ላሊበላ ብለን መኪና ተከራይተን የምንወጣው የከተማ ልጆች መንጃ ፈቃዱን እንዴት ነው ያገኘነው? ሜዳ ላይ በተተከሉ ኮኖች መሀል ወደኋላ ስንሄድ፣ ስናቆም፣ ፈተና ስናልፍ። ያሠለጠነን ትምህርት ቤት አንድ ቀን እንኳ ረጅም ቁልቁለት ላይ አውጥቶን አያውቅም። ያ ወረቀት ግን ጣርማ በርን፣ በጣሊያን ዘመን የተቀየሰውን ሊማሊሞን፣ አባይ በረሃን ሁሉ ንዱ ይለናል። ዋና በመጽሐፍ የተማረን ሰው ጣና ላይ እንደመወርወር ነው።

«መንገዱ ነው እንጂ» የሚሉ አሉ። መንገዱም ድርሻ አለው፤ አንክድም። ግን አስፋልቱ ሲለሰልስ እግራችን ነዳጅ ላይ ይከብዳል እንጂ ቁልቁለቱ አይቀንስም። «ሾፌሮቹ ናቸው» የሚሉም አሉ። እሺ፣ ሾፌሩን ማን አጣደፈው? በምልልስ ቁጥር የሚከፍለው ባለንብረት አለ። ከልኩ በላይ የጫነው ነጋዴ አለ። «ንዳው እንጂ፣ ምን ታንቀላፋለህ» የሚል ተሳፋሪም አለ፤ ያ ደግሞ እኛው ነን። ለአይሱዙ «አልቃይዳ»፣ ለሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» ብለን ስም አውጥተን የምንስቅ ሕዝብ ነን። ስም ማውጣቱን እናውቅበታለን፤ መጠየቁን ነው ያላወቅንበት።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ደቡብ ወሎ ውስጥ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሲዳማ፣ ቦና ዙሪያ፣ አንድ የጭነት መኪና ሰው እንደጫነ ወንዝ ገብቶ ከ60 በላይ ሰው አለቀ። ሁለቱንም የምናስታውሰው በሟቾቹ ቁጥር ነው። ጭነቱ ስንት ነበር? ፍሬኑ መቼ ታየ? በስንተኛ ማርሽ ይሄድ ነበር? ከመሀላችን የሚመልስ አለ? ቁጥሩን ያለቀስንበትን ያህል ምክንያቱን ብንጠይቅ ኖሮ ስንቱ ዛሬ በሕይወት በኖረ።

የምንጠይቀው ሰማይ አይደለም። ቁልቁለት ያላለፈ ሰው መንጃ ፈቃድ አያግኝ። ከትልልቆቹ ቁልቁለቶች በፊት ከባድ መኪና ሁሉ ቆሞ ጭነቱና ፍሬኑ ይታይ። ምልክቱ «ጥንቃቄ» ብሎ አይተወን፤ «በከባድ ማርሽ ውረዱ» ይበለን። ፍሬን ላቃጠለ መኪና ወደ ዳገት የሚወጣ፣ አሸዋና ጠጠር የፈሰሰበት መጠለያ ይሠራለት። የአደጋ ምርመራ ውጤትም ለሕዝብ ይነገር።

እስከዚያው እናንተ የምትነዱ፣ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ኦቶማቲክ ላይ ያለው «ኤል» እና «2» ለጌጥ አልተጻፈም። የምትሳፈሩም፣ ሾፌሩ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፍሪ ሲያደርግ ሞተሩ ዝም ሲል ትሰማላችሁ። ያኔ እናንተ ዝም አትበሉ። «ጋሼ፣ ማርሽ ያስገቡ» ማለት ነውር አይደለም። ከ«ነፍስ ይማር» ይቀላል።