ውሃ እያለን ድንጋይ አንጨምቅም!



ቤንዚንና ናፍጣ ከውጭ በዶላር የሚገዙ ናቸው። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የታክሲው ታሪፍና የሽንኩርቱ ዋጋ አብረው ወጡ። ጅማ አካባቢ፣ ደልቢና ሞዬ የሚገኘው ኦይል ሼል የተባለ ነዳጅ አዘል ድንጋይ ያድነናል የሚሉ አሉ። ይህ ባዶ ተስፋ ነው! ድንጋዩ ተቆፍሮ እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልጋለ ዘይት አይወጣውም። መቶ ዓመት ያህል የተጠቀመችበት ኢስቶኒያ የአመድ ተራራ ታቅፋ ቀርታለች። የቡናውን አገር እንዲህ እናድርገው?

ገዥው ፓርቲስ? በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። አቅጣጫው ትክክል ነው፤ ተጠቃሚው ግን ማነው? የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛው ባለገንዘብ ነው። ሠራተኛው ዛሬም ለታክሲ ተሰልፎ ያመሻል። ሕዝብ ከኪሱ አዋጥቶ የሠራው፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 5,150 ሜጋ ዋት የህዳሴ ግድብ እያለ እናቶቻችን በከሰል ጭስ ይታፈናሉ።

ስለሆነም ፓርቲያችን ሲመረጥ፦
- የኤሌክትሪክ አውቶቡስና ሚኒባስ ከቤት መኪና ይቀድማሉ፤
- ያረጁ መስመሮችና ትራንስፎርመሮች ይቀየራሉ፤
- ለድንጋይ ዘይት የሕዝብ ገንዘብ አይወጣም።

ግድቡ የእኛ ነው፤ መብራቱም የእኛ ይሁን! ድምፃችሁን ስጡን!