ባሌት የእግር ጉዳይ ብቻ ነውን?

በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ከሁለት ወገኖች ጋር ነው። አንደኛው ወገን «ባሌት የጠገበ ሕዝብ ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ጭፈራ እወዳለሁ እያለ «ዋናው እግርና ትከሻ ነው፤ መብራቱ፣ ልብሱ፣ መጋረጃው ጌጥ ነው» ይላል። ሁለቱ ወገኖች በምሳ ሰዓት አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲስማሙ ሰምተናል። መስማማታቸውም አያስደንቅም፤ አንዱ ዳንስ ትርጉም የለውም ሲል፣ ሌላው ትርጉሙን ከግማሽ በላይ ቆርጦ ይጥለዋልና።

ክርክራችን አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሥራ እንያዝ። አክራም ካን ቤተሰቡ ከባንግላዴሽ የመጣ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ለንደን የተወለደ የዳንስ ደራሲ ነው። የተማረውም ካታክ የሚባለውን የሕንድ ጭፈራ እንጂ ባሌት አልነበረም። ይኸው ሰው «ዢዜል» የተባለውን ጥንታዊ ባሌት ለእንግሊዝ ብሔራዊ ባሌት እንደ አዲስ አዘጋጅቶ በሴፕቴምበር 27 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ከተማ ለሕዝብ አሳየ። እኛ ያየነው በፊልም የተቀረጸውን ነው፤ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተደራርበን፣ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶብን።

የጥንቱ «ዢዜል» በ1841 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የታየ ነው። ዢዜል የተባለች የገጠር ልጅ፣ መኳንንትነቱን ደብቆ እንደ መንደርተኛ የለበሰውን አልብሬክትን ትወዳለች። ማንነቱ ሲጋለጥና ለሌላ ሴት የታጨ መሆኑን ስታውቅ አእምሮዋን ስታ ትሞታለች። በሁለተኛው ክፍል፣ ሳያገቡ የሞቱ ልጃገረዶች መናፍስት፣ ዊሊ የሚባሉት፣ በሌሊት ያገኙትን ወንድ ሁሉ እስኪሞት ያስጨፍሩታል። ዢዜል ግን ያታለላትን ሰው እስኪነጋ ድረስ ጠብቃ ታድነዋለች።

እንግዲህ «ልብስ ጌጥ ነው» የሚለውን ወንድማችንን እንጠይቀው፤ አልብሬክት ልብሱን ባይለውጥ ይህ ታሪክ ይጀመር ነበርን? ባልታወቀ ልብስ ገባ፣ በልብሱ ታመነ፣ ልብሱ በተገለጠ ጊዜ አንዲት ልጅ ሞተች። ታሪኩ ራሱ የልብስ ታሪክ ነው። የመናፍስቱ ነጭ ስስ ቀሚስም፣ በዚያ ዘመን አዲስ ከነበረው የጋዝ መብራት ጋር ተባብሮ ነው የጨረቃን ሌሊት መድረክ ላይ ያወረደው። በ1841 እንኳ እግር ብቻውን አልተናገረም።

አክራም ካን ያደረገው ምንድን ነው? መንደሩን አነሣና በቦታው ግድግዳ አቆመ። የመድረኩንና የልብሱን ዝግጅት የሠራው ቲም ዪፕ ነው። ግድግዳው መድረኩን ከዳር እስከ ዳር የሚዘጋ፣ የእጅ አሻራ የሞላበት፣ ግዙፍ ነገር ነው። ዢዜልና ጓደኞቿ የወይን ለቃሚዎች መሆናቸው ቀርቶ፣ ከተዘጋ የልብስ ፋብሪካ የተባረሩ ስደተኛ ሠራተኞች ሆነዋል። ገና ሲጀምር ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው፣ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ይገፉታል። አንድም ቃል ሳይነገር ማን በየትኛው ወገን እንደ ቆመ ተመልካቹ አወቀ። ይህን እግር ሊነግረን ይችል ነበርን? ቢችልም ሩብ ሰዓት ይፈጅበት ነበር።

በግድግዳው ማዶ ያሉት ባለርስቶች ይባላሉ። (ይህ ቃል በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ የወጣው ተማሪ ወራሽ በሆንን በእኛ ጆሮ ምን እንደሚል ማብራራት አያሻም።) እንደ መለከት ያለ ከባድ ድምፅ ይሰማል፤ ግድግዳው ይንቀሳቀሳል፤ ከኋላው ብርሃን ይፈሳል፤ ባለርስቶቹም በብርሃኑ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። መብራቱን የሠራው ማርክ ሄንደርሰን ነው። ልብ በሉ፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከእነርሱ ወገን ነው። ሠራተኞቹ የሚኖሩት ድንግዝግዝ ውስጥ ሲሆን፣ ብርሃን የሚያገኙት በሩ በተከፈተ ጊዜና ለባለርስቶቹ መጨፈር በተገደዱ ጊዜ ነው። የባለርስቶቹም ልብስ ከመክበዱና ከመግዘፉ የተነሣ መደነስ ቀርቶ መራመድ እንኳ ያስቸግራቸዋል። የማይሠራ ሰው ልብስ ነው። በጥንቱ ሥራ ዢዜል የመኳንንቷን ቀሚስ ጫፍ በስርቆት ስትዳስስ የገጠር ልጅ የዋህነት ሆኖ ያስቀን ነበር። የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ የሆነችው ዢዜል እንዲህ ካለው ቀሚስ ፊት ስትቆም ግን ማን ሰፋው የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ሳቁም ይቀራል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በኤፕሪል 2013 እ.ኤ.አ.፣ በዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የልብስ ሠራተኞች፣ መሞታቸውን የሚያውቅ ተመልካች ቀሚሱን ዝም ብሎ ሊያደንቅ አይችልም።

ሙዚቃውም እንዲሁ ነው። ቪንቼንሶ ላማኛ የአዶልፍ አዳምን የጥንት ዜማ አልጣለውም፤ የማሽን ጉርምርምታ በሚመስል ድምፅ ውስጥ ቀበረው። ዜማው አልፎ አልፎ ብቅ ይልና ይሰጥማል።

ከሁሉ ይልቅ የገረመን ግን ሁለተኛው ክፍል ነው። ካን በጣት ጫፍ መቆምን፣ ማለትም የባሌትን ዋና መታወቂያ፣ ለሙታኑ አስቀመጠው። ዊሊዎቹ እዚህ የሞቱ የፋብሪካ ሴቶች ናቸው፤ ጸጉራቸው ተለቋል፣ ረጃጅም ዘንግ ይዘዋል። በጥንቱ ባሌት በጣት ጫፍ መቆም ክብደት የለሽ መሆንን ያሳይ ነበር፤ እነዚህ ሴቶች ሲቆሙበት ግን እኛ ያየነው መርፌ ነው። ይህ የእኛ ንባብ ነው፤ የማይስማማ ይከራከረን። መጨረሻ ላይ አልብሬክት ከተገፉት እንደ አንዱ ሆኖ፣ ብቻውን ከግድግዳው በዚህ ወገን ይቀራል።

እንከን የለውም አንልም። ባለርስቶቹ እንደ ሐውልት ናቸው፤ ክፋታቸው ከልብሳቸው አያልፍም። ውድ ወንበር ላይ የተቀመጠ የአውሮፓ ተመልካች «እኔ እንዲህ አልለብስም» ብሎ ራሱን ነፃ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ግን ልብስ ትርጉም እንዳለው ያስረዳል እንጂ ለተቃዋሚዎቻችን አይረዳም።

የድሬዳዋ ሰው ይህን ግድግዳ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ በደረሰ ጊዜ፣ ኩባንያው ከዚራን ቀጥ ባሉ መንገዶችና በዛፍ ጥላ ሠራ፤ ከደቻቱ ማዶ መጋላ በጠባብ መተላለፊያዎቿ አደገች። በመካከል ያለው አሸዋ ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በአንድ ሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ወስዷል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሠሩ እናቶችና አያቶች ያሏቸው ተማሪዎችም በመካከላችን አሉ። «የጠገበ ሕዝብ ጨዋታ» የተባለው የማንን ታሪክ እንደሚናገር እነርሱ ይፍረዱ።

ወደ ራሳችን መድረክ እንመለስ። ባለፈው ዓመት በአንድ በዓል ላይ ሸጎዬ ቀርቦ ነበር። ሸጎዬ በሐረርጌ ገጠር ወንዶቹና ሴቶቹ ልጆች ፊት ለፊት ተቀራርበው፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተያይተው የሚጨፍሩት ነው፤ ፍሬ ነገሩ መተያየቱ ነው። እኛ ያየነው ግን በግማሽ ክብ ተከፍቶ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ክቡራን እንግዶች ወንበር መልሶ፣ አንድ ዓይነት የሚያብረቀርቅ ሳቲን ለብሶ፣ መብራት ሁሉ በርቶ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የሌላ ብሔረሰብ ጭፈራ ነው፤ ሳቲኑ ቀለሙን ለወጠ፣ ግማሽ ክቡ ግን አልተለወጠም። የዚያ መድረክ ትርጉም ምን ነበር? እንግዳው መታየት ያለበት መሆኑ፣ ጨፋሪው መታየት ብቻ ያለበት መሆኑ! አዘጋጆቹ ትርጉም ያላደረጉበት መሰላቸው እንጂ አድርገዋል።

«ገንዘብ የለንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ፒና ባውሽ በ1975 እ.ኤ.አ. «የጸደይ በዓል»ን ስትሠራ መድረኩ ላይ አፈር አፈሰሰች፤ ጨፋሪዎቹ እየቆሸሹና እያለከለኩ በአፈሩ ላይ ተንቀሳቀሱ፤ ለመሥዋዕት የምትመረጠዋ ልጅ ደግሞ በአንድ ቀይ ቀሚስ ተለየች። አፈርና አንድ ቀሚስ! በ2021 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሥራ የአፍሪካ ጨፋሪዎች ይዘውት ዞሩ። የደቻቱን አሸዋ ማን ሊያስከፍለን ነው?

«የእኛ አይደለም» ለሚለውም መልስ አለ። በ1996 እ.ኤ.አ. ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ላይ ከመቶ የሚበልጡ የጎዳና ልጆች ይዞ «ካርሚና ቡራና»ን አሳየ፤ ከዚያም አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ። ከአዱኛ የወጡት ጁናይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ በ2009 እ.ኤ.አ. ለንደን ሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ቆመዋል። የጠገቡ ልጆች አልነበሩም።

ስለዚህ ለማኅበራችን የዝግጅት ኮሚቴ የምናቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ለዘንድሮው ትርኢት ለሳቲን የተጠየቀው ገንዘብ ይቁም። ሸጎዬው እርስ በርሱ ይተያይ፤ እንግዶቹ ከጎን ሆነው ይመልከቱ። መብራቱ ከአንድ ወገን ብቻ ይምጣ፤ ከየትኛው ወገን እንደሚመጣም ጨፋሪዎቹ ራሳቸው ተከራክረው ይወስኑ። መምህራኖቻችንም ቢሆኑ ከእነዚያ ወንበሮች ተነሥተው በዚህ ክርክር ቢገቡ ደስ ይለናል። መልስ ያለው እስከሚቀጥለው እትም ድረስ ጽሑፉን ለአዘጋጁ ይስጥ፤ ስሙን ግን አይደብቅ።