የቅርስ ፎቶ ቀለሙን ይዞ ይውጣ

የደቡብ ጎንደር አድባራትና ገዳማት ያቆዩልንን ሥዕልና ብራና ዛሬ ቦታው ድረስ ሄዶ ከሚያየው ሰው ይልቅ በሞባይሉ የሚያየው ይበዛል። የቆማ ፋሲለደስን ሥዕል፣ የማኅደረ ማርያምን መጻሕፍት፣ የጋይንቷን ቤተ ልሔም ለማየት ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ዳገት ቁልቁለቱን የሚወጣ የሚወርደው ጥቂት ነው፤ ሌላው በፌስቡክ፣ በቴሌግራም ወይም በአንዱ ድረ ገጽ የወጣውን ፎቶ ተመልክቶ አየሁት ይላል። ያው አንድ ሥዕል ግን በአንዱ ገጽ ቀዩ ወደ ቡናማ ጠቁሮ፣ በሌላው ከልክ በላይ ደምቆ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሰማያዊው ወይን ጠጅ መስሎ ይገኛል። ብዙ ሰው ይህን የስልክ ጥራት ጉዳይ አድርጎ ያልፈዋል። እኔ ግን የማስረጃ ጉዳይ ነው እላለሁ። የቅርስ ፎቶ ቀለሙ ካልታመነ ከፎቶው የሚቀዳው ዕውቀትም አይታመንም፤ ቀለሙን እንዳለ ለማቆየት የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ደግሞ ከሚገመተው ያነሰ ነው።

በብራና ላይ ቀለም ለጌጥ ብቻ አልተጨመረም። ጸሐፊው የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም፣ የክፍሉንም መነሻ በቀይ ይጽፋል፤ የቀረውን በጥቁር። መሪጌታውም ተማሪውም ገጹን የሚያነቡት በዚያ ቀይ እየተመሩ ነው። የመጽሐፉ አሠሪ ወይም ባለቤት ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ ይፋቅና በላዩ የሌላ ሰው ስም ይገባል። የተፋቀው ቦታ ከዙሪያው ብራና ትንሽ ይለያል፤ በኋላ የገባው ጥቁርም ከቀድሞው ጥቁር ጋር አይገጥምም፣ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ ያደላል። መጽሐፉ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ አንዳንዴም ከየትኛው ደብር እንደወጣ የሚያሳብቀው ይህ ጥቂት ልዩነት ነው። ስልኩ በራሱ ፈቃድ ጥላውን አብርቶ ንጣቱን ሲያጎላ ቀድሞ የሚጠፋውም ይኸው ነው። የግድግዳ ሥዕልም እንዲሁ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን የነበረው የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ጀርባውን ያለ ጥላ ሜዳ አድርጎ ይተወዋል። በ18ኛው መቶ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ የጎለመሰውና በናርጋ ሥላሴ የሚታየው ሁለተኛው አሣሣል ግን ፊትና ልብስን በጥላ ይሞላል፤ ጀርባውም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይሸጋገራል። ያ ሽግግር ቀለሙ ተጋኖ በተነሣ ፎቶ ላይ ወደ ተቆራረጠ ቅብ ይለወጣል። ሰማያዊውም ስለ ዕድሜ ይናገራል፤ በፋብሪካ የሚሠራው ደማቁ አልትራማሪን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ስለሆነ፣ በፋሲል ዘመን ሥዕል ላይ ከተገኘ ሥዕሉን የኋላ ዘመን እጅ እንደነካው ያመለክታል። ቁርጡን የሚናገረው የላቦራቶሪ ምርመራ እንደሆነ አውቃለሁ። የትኛው ሥዕል ይመርመር የሚለውን ጥርጣሬ መጀመሪያ የሚያነሣው ግን ዓይን ነው፤ የብዙው ተመራማሪ ዓይን ደግሞ አሁን ፎቶ ላይ ነው።

ታዲያ ቀለሙ የሚጠፋው የት ነው? ካሜራ ለእያንዳንዷ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ሦስት ቁጥሮች ይመዘግባል፤ በተለመደው ፎቶ ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ። ቁጥሩ ብቻውን ቀለም አይሆንም፤ ጤፍ አምስት ተብሎ ቁና ይሁን ኩንታል ካልተነገረ ገዢና ሻጭ እንደማይግባቡ ሁሉ፣ በየትኛው ስፍር እንደተሰፈረ መታወቅ አለበት። ስፍሩን የሚናገረው ፋይሉ ውስጥ ተሸጉጦ የሚጓዝ የቀለም ፕሮፋይል ነው። ለድረ ገጽ የተለመደው ስፍር ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡት፣ በ1999 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ኤስአርጂቢ ነው። ብዙ ባለሙያዎች ግን ካሜራቸውን ሰፋ ወዳለው አዶቢ አርጂቢ ያዞሩታል። በኤስአርጂቢ 255 ተብሎ የሚጻፈው ንጹሕ ቀይ በአዶቢ አርጂቢ 219 ይባላል፤ ቀለሙ ያው ነው፣ የተለወጠው ስፍሩ ነው። ፕሮፋይሉ በመንገድ ላይ ከወደቀ ብራውዘሩ 219ኙን በኤስአርጂቢ ይሰፍረውና የብራናው ቀይ ደብዝዞና ጠቁሮ ይወጣል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት አይፎኖች ዲስፕሌይ ፒ3 በተባለ ሌላ ሰፊ ስፍር ስለሚያነሡ ችግሩ የባለሙያ ብቻ መሆኑም ቀርቷል።

ብዙዎች ጥፋቱን በብራውዘሩ ላይ ይጥላሉ። ድሮ እውነት ነበር። ሳፋሪ ቀድሞ፣ ፋየርፎክስ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ክሮምም ከእሱ በኋላ ፕሮፋይል ያለውን ፎቶ በስፍሩ ማንበብ ስለጀመሩ ዛሬ ተጠያቂው በአብዛኛው ፎቶውን የሚያሳንሰውና የሚጭነው ወገን ነው። ክብደት ለመቀነስ ተብሎ ፕሮፋይሉ ይራገፋል። ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ እንደገና ይጨመቃል፤ ተቀባዩ እሱኑ አውርዶ ድረ ገጽ ላይ ይጭናል፤ ሌላው ከዚያ ስክሪንሾት ይወስዳል። በዚህ ሁኔታ ሦስት አራት እጅ ያለፈ ሥዕል ከግድግዳው ጋር ያለው ዝምድና የቅርጽ ብቻ ይሆናል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ገና ፎቶው ሲነሣ የሚፈጠረው ስሕተት ነው፣ ምክንያቱም እሱን ብራውዘርም ፕሮፋይልም አያርመውም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብርሃኑ ድብልቅ ነው። በበሩ የሚገባው የቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ጧፉ ብርቱካናማ ነው፤ ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ርካሽ አምፖል ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ይጨምራል። ካሜራው ነጩ የትኛው እንደሆነ ይገምታል፤ ግምቱም በምሥራቁ ግድግዳ አንድ፣ በምዕራቡ ሌላ ይሆናል። መፍትሔው ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ባለ 24 ቀለም ካርድ ነው። የእያንዳንዱ መደብ ትክክለኛ መጠን የታወቀ ስለሆነ፣ ካርዱን በዚያው ብርሃን ከሥዕሉ ጎን አድርጎ አንድ ጊዜ ማንሣት የቀሩትን ፎቶዎች ሁሉ ለማረም ያስችላል። የዓለም ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ብራና ሲያነሡ ካርዱን ከገጹ ጎን ማኖር ልማዳቸው ነው። ፍላሽ የሚከለክሉ አድባራት ትክክል ናቸው፤ ካርዱ ፍላሽ አይፈልግም፣ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አቁሞ በዝግታ ማንሣት ይበቃል። ካህናቱ አይነሣም ያሉትን አለማንሣትም የሥራው አካል ነው።

እያንዳንዱ ስክሪን ቀለሙን በራሱ መንገድ እያሳየ፣ የአንዱ ስልክ ደማቅ፣ የሌላው ፈዛዛ፣ የማታውም ቢጫ እየሆነ፣ ይህ ሁሉ ድካም ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ስክሪን እንደሚለያይ ማንም አይክድም። ግን የስክሪኑ ስሕተት ስክሪኑ ሲለወጥ ይቀራል፤ የፋይሉ ስሕተት ግን በመጣው ስክሪን ሁሉ ላይ ይኖራል። በካርድ የተነሣና ፕሮፋይሉን የያዘ ፎቶ ካለ፣ ነገ የተሻለ ስክሪን የሚገዛው ተማሪም፣ ዛሬ ስክሪኑን በመሣሪያ የሚያስተካክለው ተመራማሪም እኩል ይጠቀማሉ። ካርድም ፕሮፋይልም ከሌለ ግን ወደ ግድግዳው ከመመለስ በቀር መንገድ የለም፤ ግድግዳው ደግሞ ላይጠብቅ ይችላል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጋይንትን አዳርሶ እስከ ደብረ ታቦር አቅራቢያ ሲደርስ ይህን አይተናል።

ቱሪስት የሚስበው የደመቀ ፎቶ ነው የሚሉም አሉ። ለፖስተር የሚሆን ፎቶ ማድመቅ ኃጢአት አይደለም፤ ጉዳቱ የደመቀው ብቻውን ሲቀርና እንደ ሰነድ ሲቆጠር ነው። ከዚህም የሚከፋ አለ። የደበዘዘ ጥንታዊ ሥዕል ላይ የፋብሪካ ቀለም ደርቦ ማደስ በየአድባራቱ የታየ ጉዳት ነው። ምእመናን በስክሪን የለመዱት የተጋነነ ቀይና ሰማያዊ ከሆነ፣ ረጋ ያለው እውነተኛው ቀለም ያረጀና መታደስ ያለበት ይመስላቸዋል። ደማቅ ፎቶ እንዲህ ባለ መንገድ ግድግዳው ድረስ ሊደርስ ይችላል።

ስለ ዳታ ዋጋ የሚነሣው ስጋት ደግሞ በሒሳብ ይመለሳል። የተለመደው የኤስአርጂቢ ፕሮፋይል 3 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ 300 ኪሎባይት በሚመዝን ፎቶ ላይ አንድ በመቶ ቢሆን ነው። ይህም ከበዛ፣ ፌስቡክ ለራሱ የሚጠቀምበት አጭሩ ፕሮፋይል 600 ባይት እንኳ አይሞላም። ፎቶውን በሞባይል ዳታ ለሚከፍተው ሰው ልዩነቱ አይታወቀውም።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለእኛ ፎቶ ከሌላው ሕዝብ በላይ ብዙ ነገር ስለተሸከመ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መዲናቸው ደብረ ታቦር በነበረበት ጊዜ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቡት መጽሐፍ ወደ መቅደላ ተጓዘ፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዚያ ከዘረፈው 350 ገደማው ለንደን ገባ። የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ልዑክ እ.ኤ.አ. በ1932 ከግድግዳው አንሥቶ ወሰዳቸው፤ ዛሬ ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። የእነዚህ ቅርሶች ወራሽ የሆነ የጎንደር ወጣት የሚደርሰው ፎቷቸው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የሀገራችንን ብራናዎች በማይክሮፊልም ያነሣው ሥራ ውለታው ታላቅ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ግን ቀዩ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። ያ የመሣሪያው ገደብ ነበር። ዛሬ ስንት ሥዕል በቀለም የተሰበሰበበትን መዝገበ ሥዕላት የሚያስተዳድረው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሥራው ሊመሰገን ይገባል፣ የእኛን ቅጂ ግን አይተካም። የብሪቲሽ ላይብረሪ የኮምፒውተር ሥርዓት በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጥቃት ሲደርስበት በድረ ገጹ የነበሩት የመቅደላ ብራናዎች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ነበር።

ስለዚህ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ፣ የደቡብ ጎንደር ሀገረ ስብከትና የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ለአንድ አጭር መመሪያ ቢስማሙ መልካም ነው። ለእያንዳንዱ ቅርስ ቢያንስ አንድ ፎቶ ከነቀለም ካርዱና ከነመለኪያው ይነሣ። ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ፤ ወደ ድረ ገጽ የሚወጣው ቅጂ ወደ ኤስአርጂቢ ተለውጦ ፕሮፋይሉን እንደያዘ ይጫን፤ በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ እንደ ፋይል ይላክ። በምን ብርሃን እና መቼ እንደተነሣ ከሥሩ ይጻፍ። አንድ ሙሉ ቅጂም በሃርድ ዲስክ ሆኖ ቅርሱ ካለበት ደብር ዕቃ ቤት ይግባ፤ አስተዳዳሪውም እንደ ማንኛውም የደብሩ ንብረት በመዝገብ ይረከበው።